ለአሮጌ የስፖርት መኪና ጎሚኒ ስለ መምረጥ

በዚህ ጽሑፍ ለጓደኞቻችን ልናስረዳ ያሰብነው ነገር በመጠኑ በጣም ትንሽ ነው። በመዳፍ ውስጥ ተይዞ ሊደበቅ የሚችል፥ ከላስቲክና ከብረት የተሠራ ቀለበት ነው። በአገራችን ያሉ መካኒኮች ጎሚኒ ይሉታል፤ ጠቅላላው ብረት ወይም ነሐስ የሆነውን ደግሞ ቦኮላ ይሉታል። ሁለቱም ቃላት እንደ ዳዶ፥ እንደ ቡሎንና እንደ ባሌስትራ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው፤ እኛም እንግሊዝ አገር ተቀምጠን የእንግሊዝ መኪና ስንፈታ እርስ በርሳችን የምንነጋገረው በእነዚሁ ቃላት ነው። የምሕንድስና ተማሪ ያልሆነ አንባቢ ጉዳዩ እኔን አይመለከትም ብሎ ገጹን እንዳያልፍ እንለምናለን፤ ምክንያቱም መኪና የሚነዳም ሆነ በሰው መኪና የሚሳፈር ሁሉ ሕይወቱን በእነዚህ ቀለበቶች ላይ ጥሎ ነው የሚሄደው። በጽሑፋችን የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ሦስት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን በ1972 የተሠራች አንዲት ኤም ጂ ቢ ጂ ቲ በገዛን ጊዜ ነው። ኤም ጂ ቢ ከ1962 እስከ 1980 ድረስ በአቢንግደን ከተማ ስትሠራ የኖረች፥ ቁጥሯም ከ500 ሺህ በላይ የደረሰ ዝነኛ የስፖርት መኪና ናት። ጂ ቲ የሚባለው ጣራው ብረት የሆነው ዓይነት ነው። ስለ ውበቷ መረጥናት ብንል ውሸት ይሆንብናል፤ የመረጥናት ዋጋዋ ከኪሳችን ጋር ስለ ተስማማና መለዋወጫዋም ዛሬ ድረስ በቀላሉ ስለሚገኝ ነው።

በኅዳር ወር አንድ ምሽት፥ ዝናብ እየዘነበ፥ ወደ አንድ አደባባይ ስንቃረብ ፍሬን ያዝን። መኪናዋ ፍጥነቷን ቀነሰች፤ ነገር ግን አፍንጫዋን ወደ ግራ አዞረች። እንደሚታወቀው እዚህ አገር የሚነዳው በግራ ነው፤ በግራችን በኩልም የመንገዱን ዳር ይዞ አንድ ሰው በብስክሌት ይሄድ ነበር። በመካከላችን የቀረው ክፍተት አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ሰውየው አንድ ቃል ተናግሮን ሄደ፤ ቃሉ እዚህ አይጻፍም። እኛም እስከ ቤታችን ድረስ ሳንነጋገር ደረስን።

በማግስቱ “ፍሬኑ ነው” ብለን ፈረድን። የፊቱን ፍሬን ፈታን፥ አጸዳን፥ መልሰን ገጠምን። ግራውም ቀኙም እኩል ይይዝ ነበር። መኪናዋ ግን ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደ ግራ መሳቧን አልተወችም። በሁለተኛው ቅዳሜ መኪናዋን በክሪክ አንሥተን፥ በጠንካራ ማቆሚያ ላይ አሳርፈን፥ ረጅም ብረት አስገብተን የግራውን የታች ብራቾ ስንጎተጉተው፥ ብራቾው በተሰካበት ፔርኖ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተት በዓይናችን አየን። በመካከላቸው ያለው ጎሚኒ ከሞተሩ በሚንጠባጠበው ዘይት ርሶ እንደ ተቀቀለ ድንች ለስልሶ ነበር። ጣት ሲነካው ይፈረፈራል። እንግዲህ ፍሬን ሲያዝ የግራው ጎማ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የቀኙ በቦታው ይቆያል፤ መኪናዋም ወደ ሸሸው በኩል ትዞራለች። መሪውን የያዘው ሰው ምንም ጥፋት ሳይኖርበት መኪናው ራሱ መሪውን ያዞራል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ነገር መጥቀስ ያስፈልጋል። በታላቋ ብሪታንያ መኪናዎች በየዓመቱ የግዴታ ምርመራ ይደረግባቸዋል፤ የተበላ ጎሚኒም ከሚጥሉ ነገሮች አንዱ ነው። ነገር ግን ከግንቦት ወር 2018 ጀምሮ ከተሠራ 40 ዓመት ያለፈውና በመሠረቱ ያልተለወጠ መኪና ከዚህ ምርመራ ነጻ ሆኗል። መኪናው ለመንገድ ብቁ ሆኖ የመገኘት ግዴታው አልቀረለትም፤ የቀረለት መርማሪው ነው። ስለዚህ የእኛን መኪና ጎንበስ ብሎ የሚያይላት ከእኛ በቀር ማንም የለም። ይህ ነጻነት ብዙ ባለቤቶችን ያስደሰተ ነው፤ እኛን ግን ከዚያ ምሽት በኋላ አላስደሰተንም።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ። የኤም ጂ ቢ የፊት እግር አሠራር እንዲህ ነው። ከሞተሩ ሥር ከግራ ወደ ቀኝ የተጋደመ ጠንካራ የብረት ድልድይ አለ። በየጎኑ ሁለት የብረት ክንዶች አንድ ላይ ሆነው የታች ብራቾ ይሆናሉ፤ ሞላውም የሚያርፈው በእነሱ ላይ በታሰረ ሳህን ላይ ነው። የላይኛው ብራቾ ራሱን የቻለ አይደለም፤ አሞርዛተሩ የዱሮ ዓይነት፥ ክንድ ያለው፥ በዘይት የሚሠራ ሣጥን ስለ ሆነ ያው ክንዱ እንደ ላይኛው ብራቾ ሆኖ ያገለግላል። የታች ብራቾው የውስጥ ጫፎች በፔርኖ ላይ ይሰካሉ፤ በብራቾውና በፔርኖው መካከል ጎሚኒው አለ።

ይህ ጎሚኒ ሦስት ሥራ አለው። መጀመሪያ ብራቾው ወደ ላይና ወደ ታች እንዲወዛወዝ መፍቀድ ነው። ሁለተኛ ፍሬን ሲያዝና ኩርባ ሲዞር ብራቾው ከቦታው እንዳይሸሽ መከልከል ነው። ሦስተኛ የመንገዱ ጠጠርና ጉድጓድ የሚያመጣው ድምፅና ንዝረት ወደ አካሉ እንዳይደርስ መዋጥ ነው። አንባቢው እንደሚገነዘበው ሁለተኛውና ሦስተኛው ሥራ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ፤ ለመከልከል መጠንከር፥ ለመዋጥ መለስለስ ያስፈልጋልና። ጎሚኒ መምረጥ ማለት ይህን ጠብ መሸምገል ማለት ነው። ብዙ ሰው ግን የሚጠይቀው “ጠንካራው ነው ወይስ ለስላሳው የሚሻለው?” ብሎ ብቻ ነው። እኛም በመጀመሪያ የጠየቅነው እንደዚሁ ነበር። ትክክለኛው ጥያቄ “በዚህ ቦታ ያለው ጎሚኒ በምን አኳኋን ነው የሚንቀሳቀሰው?” የሚል መሆኑን የተማርነው አንድ ጊዜ ከተሳሳትን በኋላ ነው።

ስሕተቱም ይህ ነበር። ለታች ብራቾው በጣም ጥሩ ጎሚኒ ገዛን፤ ዓይነቱን ከዚህ በታች እንገልጻለን። በማቆሚያ ላይ የተሰቀለችው መኪና እግሯ ተንጠልጥሎ ሳለ ጎሚኒዎቹን ገጠምን፥ ዳዶዎቹን ባለን ጉልበት ሁሉ አጠበቅን፥ ከዚያም ጎማውን አስገብተን አወረድናት። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ደስ አለን። ከአራት ወር በኋላ ግን ያው የዱሮው መሳብ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ፈተን ስናይ አዲሱ ላስቲክ ከውስጠኛው የብረት ቱቦ ዙሪያውን ተቀዶ ነበር።

ሻጩን ልንከስ ተነሥተን ነበር። ከመካከላችን የአንዱ አጎት አዲስ አበባ ውስጥ ጋራዥ አላቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የተቀደደውን ፎቶግራፍ አንሥተን በስልክ ላክንላቸውና ደወልን።

“እግሩ ተንጠልጥሎ ነው ያጠበቃችሁት?” አሉን።

“አዎ፥ ጋሼ።”

“እንግዲያማ ላስቲኩን ገና ሳትነዱት ነው የገደላችሁት። መኪናው መጀመሪያ በራሱ እግር ይቁም፤ ከዚያ ይጥበቅ። ይህን እኔ ዘንድ ያለው ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ለመሆኑ ዩኒቨርሲቲው ምን እያስተማራችሁ ነው?”

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረንም። ግን የቁሳቁስ ጥንካሬ ትምህርት የወሰድን ስለ ሆንን፥ ጋሼ ያሉትን በቁጥር ለማየት አንድ ማታ ተቀመጥን። ነገሩ ይህ ነው። እንደዚህ ያለው ጎሚኒ ሁለት የብረት ቱቦዎች አሉት፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ይቀመጣል፤ በመካከላቸው ያለው ላስቲክ ከሁለቱም ጋር በፋብሪካ ተጣብቋል። ዳዶው ሲጠብቅ የውስጠኛው ቱቦ ከፔርኖው ጋር አንድ ይሆናል፤ የውጭው ቱቦ ደግሞ ከብራቾው ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ብራቾው ሲወዛወዝ በዚያ ቦታ ምንም ነገር አይዞርም፤ ላስቲኩ ይጠማዘዛል እንጂ። የሚፋተግ ነገር ስለሌለ አይበላም፥ ግራሶም አይፈልግም። የጥበቡ ሁሉ ምሥጢር ይህ ነው። ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል፤ ላስቲኩ ዳዶው በጠበቀበት ጊዜ የነበረውን አቋም “ቤቴ ይህ ነው” ብሎ ይይዛልና።

ለምሳሌ ያህል (ቁጥሮቹ ለማስረጃ የመረጥናቸው ናቸው እንጂ ከመኪናዋ ላይ የተለኩ አይደሉም) የላስቲኩ የውስጥ ራዲየስ 8 ሚሊሜትር፥ የውጭው 14 ሚሊሜትር፥ ርዝመቱም 35 ሚሊሜትር ይሁን። መሐንዲሶች ሺር ሞዱለስ የሚሉትን፥ ይኸውም ላስቲኩ ለመዛባት የሚያሳየውን እምቢታ፥ በካሬ ሚሊሜትር 0.8 ኒውተን እንበል። ብራቾው ከቤቱ 10 ዲግሪ ሲወዛወዝ አንዱ ጎሚኒ የሚመልሰው ጉልበት 5.8 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፤ ይህም እፍኝ የማይሞላ ነገር ነው። ከውስጠኛው ቱቦ አጠገብ ያለው ላስቲክ የሚዛባው 52 በመቶ፥ ከውጭው ቱቦ አጠገብ ያለው ደግሞ 17 በመቶ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው መዛባቱ ከመካከሉ ባለው ርቀት ካሬ ልክ ስለሚቀንስ ነው፤ ቅዳዱም ከውስጥ የሚጀምረው ለዚህ ነው። እኛም ያየነው ይህንኑ ነበር።

አሁን እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ዳዶው ጠብቆ፥ መኪናው ሲወርድ ብራቾው 15 ዲግሪ ወደ ላይ ሄደ እንበል። መኪናው ገና ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ሳለ ላስቲኩ 15 ዲግሪ ተጠምዝዟል። በዚህ ላይ ጉድጓዱ 10 ሲጨምርበት 25 ዲግሪ ይሆናል፤ ከውስጠኛው ቱቦ አጠገብ ያለው መዛባትም 130 በመቶ ይደርሳል። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ሲያድር እንኳ እንደ ተጠመዘዘ ያድራል። ጋሼ “ሳትነዱት ገደላችሁት” ያሉት አንድም ቃል የተጋነነ አልነበረም። ሻጩን በልባችን ይቅርታ ጠየቅን።

እንግዲህ ስለ ዓይነቶቹ። በገበያ ላይ የሚገኙት ጎሚኒዎች በሦስት ይከፈላሉ ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

የመጀመሪያው ላስቲክ ነው። ጥንካሬው ሾር ኤ በሚባለው መለኪያ ብዙውን ጊዜ ከ55 እስከ 70 ነው። በሁሉም አቅጣጫ ይሰጣል፤ ይጠማዘዛል፥ ያዘነብላል፥ ይጨመቃል፤ ድምፅንም ይውጣል። ጠላቶቹ የሞተር ዘይት፥ ሙቀትና በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ናቸው። የድሮ እንግሊዝ መኪና ደግሞ ዘይት የማያንጠባጥብ ከሆነ ዘይቱ አልቋል ማለት ነው ይባላል።

ሁለተኛው ፖሊዩረቴን ነው፤ በቀይ፥ በሰማያዊ፥ በቢጫ ቀለም ስለሚሸጥ ዓይን ይስባል። ጥንካሬው አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 95 ሾር ኤ ይደርሳል። ዘይት አያሸንፈውም። ዋናው ልዩነት ግን በጥንካሬው አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ፖሊዩረቴን በአብዛኛው ከብረቱ ጋር የተጣበቀ አይደለም፤ በውስጠኛው ቱቦ ላይ ይዞራል እንጂ አይጠማዘዝም። ስለዚህ ተንጠልጥሎ ቢጠብቅም አይቀደድም፤ ነገር ግን የሚፋተግ ነገር ስለ ሆነ አብሮት የሚመጣውን የሲሊኮን ግራሶ ይፈልጋል፤ ግራሶው ሲደርቅ እንደ አሮጌ አልጋ ይጮኻል። ከዚህም ሌላ በአንድ መስመር ላይ መዞር ይወዳል እንጂ ወደ ጎን ማዘንበል አይወድም። ርካሽ የሆነው ዓይነት ደግሞ ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት ከጊዜ ብዛት ሊፈረፈር ይችላል።

ሦስተኛው ናይለንና የመሳሰሉት ድርቅ ያሉ ነገሮች ናቸው። ለውድድር መኪና ተስማሚ ናቸው፤ የውድድር መኪና ጎሚኒው በየጥቂት ጊዜ ይታያል፥ ነጂውም ጆሮውን ደፍኖ ይነዳል። ለእኛ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ገበያ ለምንሄደው አይሆንም፤ በዚህ ላይ ሌላ ቃል አንጨምርም።

እዚህ አገር ያሉ የኤም ጂ ባለቤቶች በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ብትሰሙ በአገራችን ስለ በርበሬ አዘገጃጀት የሚደረገውን ክርክር ያስታውሳችኋል፤ ሁሉም ለእናቱ ቤት ይመሰክራል። አንዱ ሁሉንም ፖሊ አድርጉት ይላል፤ ሌላው ፋብሪካው ከሠራው በቀር አንድ ነገር አትንኩ ይላል። እኛ ሁለቱንም አልተቀበልንም። የመኪናዋ መገጣጠሚያዎች ሁሉ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ የላቸውምና አንድ ዓይነት ጎሚኒ ሊስማማቸው አይችልም። ስለዚህ በየቦታው እየዞርን እንይ።

የፊቱ የታች ብራቾ የውስጥ ጫፍ ከሁሉ የሚበልጠው ቦታ ነው፤ የፍሬኑ ኃይል የሚያልፈው በዚህ ነውና። ፋብሪካው ለተራዋ ኤም ጂ ቢ የሰጠው ብረት የሌለበት፥ ለሁለት የተከፈለ የላስቲክ ጎሚኒ ነው፤ በመኪናዋ ላይ ስምንት ግማሾች ይገኛሉ። የእኛ እንደ ድንች የለሰለሰው ይህ ነበር። ፋብሪካው ራሱ ግን ከ1973 እስከ 1976 ድረስ 3.5 ሊትር የሮቨር ሞተር ያለባትን ኤም ጂ ቢ ጂ ቲ ቪ 8 በሠራ ጊዜ፥ በዚሁ ቦታ ከላይ የገለጽነውን፥ በሁለት የብረት ቱቦዎች መካከል የተጣበቀውን አንድ ወጥ ጎሚኒ አገባ። የዚች ዓይነት መኪና ቁጥር 2,591 ብቻ ቢሆንም ጎሚኒዋ ዛሬም ይሠራል፤ በተራዋ ኤም ጂ ቢ ብራቾም ምንም ሳይቀየር ይገባል። አራት ይበቃሉ። እኛ ሁለት ጊዜ የገዛነው ይህንን ነው፤ የመጀመሪያውን ራሳችን ገደልነው፥ ሁለተኛው አሁን በመኪናዋ ላይ አለ።

በዚህ ቦታ ፖሊዩረቴን ቢገባስ? አይከፋም። ብራቾው በአንድ ፔርኖ ላይ በአንድ መስመር ስለሚወዛወዝ ፖሊዩረቴን የሚወደው እንቅስቃሴ ነው። የዘይቱን ፍሰት ማቆም ያልቻለ ሰው ይህን ቢመርጥ አንፈርድበትም። እኛ የቪ 8ን ጎሚኒ ያስቀደምነው ግራሶ የማይፈልግ ስለ ሆነና መኪናውን የነደፉት ሰዎች ራሳቸው የበለጠ ጉልበትና ክብደት ላላት እኅቷ የመረጡት ስለ ሆነ ነው።

ከላይ፥ የአሞርዛተሩ ክንድ ከጎማው ተሸካሚ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ትናንሽ ጎሚኒዎች አሉ። እነዚህንም ከፍተው ሳይለውጡ ማለፍ ሞኝነት ነው፤ ዋጋቸው ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ላስቲክም ፖሊም ቢሆን ልዩነቱ ትንሽ ነው። ከታች ያሉት የብረት ቦኮላዎች ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው፤ እነሱ በየጊዜው ግራሶ ይጠጣሉ፤ ካልጠጡ ይበላሉ።

የፊቱን እግር ግራና ቀኝ የሚያያይዘው የማመዛዘኛ ብረት ከአካሉ ጋር በሁለት ጎሚኒዎች ይታሰራል። በዚህ ቦታ ፖሊዩረቴን ያለ ጥርጥር ይሻላል። ብረቱ በውስጡ ከመዞር በቀር ሌላ እንቅስቃሴ የለውም፤ ላስቲኩ ለስላሳ ሲሆን ብረቱ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ላስቲኩን ሲጨምቅ ጊዜ ያጠፋል። በትንሽ ገንዘብ ትልቅ ለውጥ ያየነው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ፤ ፍርዳችን ፈጽሞ የሚገለበጠው በዚህ ነው። ኤም ጂ ቢ ከኋላ አንድ ወጥ አክስል አላት፤ አክስሉም በሁለት ባሌስትራዎች ላይ ታስሯል። የባሌስትራው የፊት ዐይን በጎሚኒ ከአካሉ ጋር ይያያዛል፤ የኋላው ጫፍ ደግሞ በሚወዛወዝ ማያያዣ ላይ ይንጠለጠላል። መኪናዋን ወደ ፊት የሚገፋው ኃይልና ከኋላ የሚያዘው ፍሬን ሁሉ ወደ አካሉ የሚደርሰው በፊቱ ዐይን በኩል ነው። ይህን የሰማ ሰው “እንግዲያ ጠንካራ ነገር ይግባበት” ማለቱ አይቀርም። የመኪናዋ የቀድሞ ባለቤትም ያደረገው ይህን ነበር፤ በባሌስትራዎቹ ጫፎች ሁሉ ጠንካራ ፖሊዩረቴን አስገብቶ ነበር።

ነገር ግን አንዱ የኋላ ጎማ ጉብታ ላይ ሲወጣ አክስሉ ያዘነብላል፤ አክስሉ ሲያዘነብል ባሌስትራው በርዝመቱ ይጠማዘዛል፤ ዐይኑም ወደ ጎን ማዘንበል አለበት። ላስቲክ ይህን ይፈቅዳል። ጠንካራ ፖሊዩረቴን አይፈቅድም፤ እምቢ ሲል ኃይሉ ወደ ባሌስትራው ወረቀቶች ይሄዳል፤ ባሌስትራውም ማንም ያላሰበው ሁለተኛ የማመዛዘኛ ብረት ይሆናል። መኪናው በኩርባ ላይ ከኋላ ይደነድናል። በደረቅና በለሰለሰ አስፋልት ላይ ይህ ደስ ሊል ይችላል፤ ረጋ ያለ ይመስላል። በዝናብና በተቦረቦረ የገጠር መንገድ ላይ ግን የኋላው ጎማ መሬቱን መከተል ትቶ ይዘላል፤ ከፊቱ ቀድሞም መያዣውን ያጣል። የእኛ መኪና በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ጭራዋን እንደምታወዛውዝ እናውቅ ነበር፤ የስፖርት መኪና ጠባይ ነው ብለን እንኮራበትም ነበር። ጠባይዋ አልነበረም። ሁለቱን የፊት ዐይኖች ወደ ተጣበቀ የላስቲክ ጎሚኒ፥ የኋላ ማያያዣዎቹንም ወደ ተራ ላስቲክ በመለስን ጊዜ ጭራዋ ረጋ፥ ጩኸቷም አብሮ ጠፋ።

ይህን ስንል ለባሌስትራ ፖሊዩረቴን በጭራሽ አይሆንም ማለታችን አይደለም፤ ለስለስ ያለ ዓይነትም ይሸጣል፤ በሩጫ ሜዳ ላይ ብቻ የሚነዳም ሌላ ፍርድ ሊኖረው ይችላል። በእኛ መንገድ ላይ ያየነው ግን ይህ ነው።

ስለ አገጣጠሙ ሦስት ነገር እናስጠንቅቅ። ከሁሉ በፊት ሞላው ነው። የታች ብራቾውን የሚፈታ ሰው የተጨመቀ ሞላ በእጁ ላይ መኖሩን መርሳት የለበትም። ከሳህኑ ሥር ክሪክ አስገብቶ ቀስ በቀስ ማውረድ፥ አካሉንም በክሪክ ሳይሆን በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ፊትን ከሞላው አቅጣጫ ማራቅ ይገባል። ይህን ሥራ ብቻውን የሚሠራ ሰው ካለ እባካችሁ ተዉ በሉት።

ሁለተኛው፥ ጎሚኒው ወደ ብራቾው ሲገባ በሞርሳ መገፋት ያለበት ከውጭው ቱቦ ላይ ነው። የውስጡን ቱቦ የገፋ ሰው ላስቲኩን ገና በአዲስነቱ ይቀደዋል። የተከፈሉትን የላስቲክ ግማሾች ለማስገባት የሳሙና ውኃ ይበቃል፤ ተራ ግራሶና ዘይት ለላስቲክ መርዝ ነው። የባሌስትራው ዐይን አሮጌ ጎሚኒ አልወጣ ሲል የውጭውን ቱቦ በመጋዝ በጥንቃቄ መሰንጠቅ ነው፤ እኛ በአንዱ ላይ ግማሽ ቀን ፈጅተናል፥ በሁለተኛው ላይ ግን አንድ ሰዓት አልሞላም።

ሦስተኛው የጋሼ ነገር ነው። ዳዶዎቹን ሁሉ ላላ አድርጎ መግጠም፥ ጎማ ማስገባት፥ መኪናውን በጎማው ላይ ማቆም፥ ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ሦስት አራት ጊዜ መጫንና መልቀቅ፥ ከዚያ በኋላ ማጥበቅ። ከሥር ለመግባት ቦታ ስለማይኖር አራቱንም ጎማ በጠንካራ ሳንቃ ላይ ማውጣት ያስፈልጋል። የታች ብራቾው ዳዶ ጥርስ ያለው ነው፤ በመካከሉ የሽቦ መቀርቀሪያ ያልፋል። ቀዳዳው አልገጥም ሲል ወደ ፊት ጨምሮ ማጥበቅ እንጂ ወደ ኋላ መፍታት አይገባም። ይህ ሁሉ ለተጣበቀ ላስቲክ ነው።

ለመግዛት የሚሄድ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይጠንቀቅ። “ከፋብሪካው ዘመን ያልተነካ ዕቃ” ተብሎ በአሮጌ ሣጥን የሚሸጥ ጎሚኒ አለ። ለጌጥ ዕቃ፥ ለመብራት፥ ለመስተዋት ቢሆን ጥሩ ነው። ላስቲክ ግን በሣጥኑ ውስጥ ተቀምጦም ያረጃል፤ የ50 ዓመት ላስቲክ ሳይነዳ የ50 ዓመት ላስቲክ ነው። በጥፍር ሲጫኑት የሚሰነጠቀውን ወይም ከብረቱ ጠርዝ ላይ የተላቀቀውን መመለስ ነው። ቀለሙን አይቶ መግዛትም አይበጅም፤ ቀይ ስለ ሆነ አይጠነክርም። ሻጩን ጥንካሬው በሾር ኤ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ነው፤ የማይመልስ ከሆነ ሌላ ሻጭ አለ።

መኪናችን አሁን ፍሬን ሲያዝ ቀጥ ብላ ትቆማለች። በየሦስት ወሩ አንድ ቀን ረጅሙን ብረት ይዘን ከሥሯ እንገባለን፤ በብራቾውና በድልድዩ ላይ ትይዩ የሆነ ነጭ መስመር በቀለም ቀብተናል፤ የመኪናዋ ጭነትና ቁመት ሳይለወጥ መስመሮቹ ከተሳሳቱ ጎሚኒው ደክሟል ማለት ነው። እስካሁን አልተሳሳቱም። የፊቱን ድልድይ ከአካሉ የሚለዩት የላስቲክ ንጣፎች ግን ገና የድሮዎቹ ናቸው። እነሱን ለመለወጥ ድልድዩን በሙሉ ማውረድ ስለሚያስፈልግ የበጋውን ዕረፍት እየጠበቅን ነው፤ ማቆሚያና አንድ ተጨማሪ ጥንድ እጅ ያለው ጓደኛ ቢገኝ ደግሞ ቀደም ብለን እንጀምራለን።